ሳይጠሩት የሚመጣ ክብ

ጥብርያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል፣
የሆቴሉ አሳንሰር ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ወርዷል።
እኔ አለልኝ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
የቁልፍ ጠባቂ፣ የሻንጣ ዳኛ።
ከፊቴ አንድ ብርጭቆ፣ በብርጭቆው ውሃ፣
ውሃው ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ፤ ይስቃል፣ ግን አይልም ሃሃ።

ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት አድረው ነው የረሱት፣
ወይዘሮ ኦክሱን ይባላሉ፣ መዝገቡ ላይ እንዳጻፉት፤
ከኮሪያ የመጡ ተሳላሚ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣
ትናንት ማለዳ ወደ ኢየሩሳሌም አውቶቡስ ያጣደፋቸው።
ስልካቸው አለ። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ዕብራይስጥ አይሰሙም፤
አስጎብኚው አያነሣም። ጥርስ ደግሞ እስኪነጋ አይታገሥም።

«አባ፣ ድምፁን ብቻ በላቲን ምታው» ትል ነበር ልጄ ሞሪያ፣
ከሶፋ ሳትነሣ፣ በፊልም ብቻ፣ ስንቴ የደረሰች ኮሪያ።
እኔስ አማርኛዬን የምጽፈው እንዲያ አይደል?
ለአክስቴ ደብዳቤ በባዕድ ፊደል ጀምሬ፣ በራሴ ፊደል ጨርሼ፣
በተውሶ በቅሎ እንደሄደ ሙሽራ፣ ደጇ ስደርስ በቅሎዋን መልሼ።

ሰሌዳው ዕብራይስጥ ላይ ኖሯል። ኤ ብዬ ብመታ ሺን ወጣ፣
ኤን ብል ሜም፤ ሰላምታዬ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሻፈፈ መጣ።
ቀየርሁት።
ኤ፣ ኤን፣ ኤን፣ ዋይ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኤን፣ ጂ፤
ስምንት መንገደኛ ገባ፣ ሁለት ቤት ሆኖ ተቀመጠ፣
አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከሥር ገብቶ ተቀየጠ።
አንየንግ። ሰላም ማለት ነው፣ ይህን ያህል አውቃለሁ።

ጥርስ በነሱ «ኢ» ነው፤ ሞሪያ ስትል ሰምቼ
አንዷን ፊደል መታኋት፣ ቀጭን ዘንግ ይመጣል ብዬ ጣቴን አንሥቼ።
ዘንጉ መጣ፣ ብቻውን ግን አይደለም፤ ከፊቱ አንድ ክብ ቆሟል፣
ያልመታሁት፣ ያልጠራሁት፤ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል።

ክቡ ድምፅ የለውም። አናባቢው ብቻውን ደጅ እንዳይቆም
ቦታ ይይዝለታል፣ በር ይከፍትለታል፤ ስሙን ግን ማንም አይጠራም።
እንደ ዕብራይስጡ አሌፍ።
እንደ እኔ፤
«ሻሎም» ብሎ ቁልፍ የሚያቀብል፣
ሲነጋ «ማን ነበር ማታ?» ቢሉ፣ «ማንም» የሚባል።
ያው ክብ ግን ከቃል ጫፍ ሲወድቅ፣ በአንየንግ መጨረሻ እንዳየሁት፣
በአፍንጫ ይዘምራል፤ ደወል ነው፣ አሁን በጆሮዬ ሰማሁት።

ጻፍሁ፦ ጥርስ። እዚህ። አለ።
ማያያዣ የለው፣ ማሰሪያው የላላ ነው፤
ራሱ ዓረፍተ ነገሩ ጥርስ የሌለው አፍ ነው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ። እሳቸውም አልተኙ።
ሦስት ቤት። ጣቴ ሰሌዳው ላይ እየዳከረ፣ አንድ በአንድ ተገኙ፦
ጎ። ማ። ዎ።
ለባዶው አዳራሽ ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ምስጋና ነው።
ያለ ጥርስ የሚባል ቃል፤
ከንፈርና ጉሮሮ ይበቃዋል።

ከሥሩ ሌላ መስመር። ሞሪያን ቀሰቀስኋት፣ ፎቶውን ላክሁ።
«ስምህን ነው አባ» አለችና ዘጋችው፤ ይቅርታ ሳልል ቀረሁ።

ስሜን። «ኝ» የላቸውም፤ የምትቀርባትን ፈልጌ
ኤንና ጂን ሰጠኋት፣ እንደ ጠበበ ጫማ ፈልቅቄ አስገብቼ።
ሦስት ቤት ሆንሁ።
በፊተኛው ደጅ ዝም ያለው ክብ፣ ሳልጠራው መጥቶ፣
በኋለኛው ሥር ያው ክብ፣ ድምፅ አውጥቶ።

ብርጭቆውን በላስቲክ አሰርሁት፣ በፎጣ ጠቀለልሁት።
የአሥራ አንድ ተኩሉን አውቶቡስ ሾፌር፣ ቢኒያምን፣ አውቀዋለሁ፤
ጥርስ ነው፣ እንዳትሥቅ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እለዋለሁ።